የለም አለ

ጆሊየት ላይ በረዶ ይጥላል፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል፤
ሠላሳ ሁለተኛው በር ላይ ጭነት መኪና አፉን ከፍቶ ቆሟል።
ማንም ማንንም አይጠራም። ፊሽካ የለም፣ ጩኸት የለም፤
ሁሉንም የሚያውቀው ሲስተሙ ነው፤ እሱ ደግሞ አይደክምም።
ቀበቶው ይሮጣል፤ ካርቶን ካርቶንን ሳይገፋ
አንዱ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል፣ እንደ ጨዋ ሰው ወረፋ።
ዝርግ ሮቦቶች ከመደርደሪያ ሥር እንደ ኤሊ ገብተው
ቤት የሚያህል ዕቃ ይዘው ይሄዳሉ፣ መስቀለኛው ላይ ተጠባብቀው።
ብዙ የሚፈለገው ቅርብ፣ ከወገብ እኩል ይቀመጣል፤
የማይጠየቀው ወደ ላይ፣ ወደ ጣሪያው ይሰደዳል።

እኔ ቆጣሪ ነኝ። አንጓዬ ላይ የታሰረው ስካነር ነዘረኝ፤
መስመር ዐሥራ ዘጠኝ፣ ዐምድ ሰባት፣ አምስተኛ ደርብ ላከኝ።
የሚጠበቀው ብዛት፦ ዜሮ።
ባዶው ባዶ መሆኑን ሄዶ ማየትም ሥራ ነው፤
ለ«የለም» ምስክር መቆም ነው፣ በሰዓት የሚከፈለው።

ጡረታው ሦስት ወር የቀረው ኦዴል የወገብ መያዣዬን ሳብ አድርጎ አየና
በማንሻው ከፍ አደረገኝ፣ ቀስ ብሎ፣ የተኛ ልጅ እንደ ያዘ።
አቧራ። ከአቧራው በታች አንድ ካርቶን፤
የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ፣ ለስምንት ዓመት ልጅ የሚሆን።

አንድ፣ ብዬ ጻፍሁ።
እንደገና ይቆጠር።
አንድ።
እንደገና ይቆጠር።
ኦዴል ሣቀ፦ «ይልመድብሽ፣ ከግድግዳ ጋር መከራከር።»

የለም አለ።
«ለ»ን አላልቼ ሳነበው፣ ስካነሩ ተናገረ፤
አጥብቄ ሳነበው ግን፣ ጫማው እጄ ላይ ነበረ።
ስንት ክረምት እዚህ ተቀምጦ፣ ስንት ልጅ «አልቋል» ተብሎ ይሆን?
ለስንት ወላጅ ይቅርታ ደርሶ ይሆን፣ ማንም ሰው ያልጻፈው ይቅርታ?

በሦስተኛው አመነ። አልተገረመም፣ አላመሰገነም፤
ዐይኔን እስክጨፍን እንኳ አልታገሠም፤
ዱሉዝ ከተማ የሚጠብቅ ሰው አገኘ፣ አድራሻ አተመ፤
ሊዘጋ የነበረው ሠላሳ ሁለተኛ በር ሁለት ደቂቃ ቆመ።
ቀበቶው መሐል ክፍተት ተከፈተ፣ የአንድ ካርቶን ያህል፣
ሙሽራ ሲመጣ መንገድ እንደሚለቅ ሕዝብ፣ ለትንሽ ጫማ ሲል።
ከላይ ሆኜ አየሁት። ውብ ነበር፤ ልክደው አልችልም።

ሲነጋ የፈረቃ መሪዋ ዮላንዳ ጠራችኝ፤
የሌሊቴን ደቂቃዎች አንድ በአንድ አሳየችኝ።
«እዚህ ጋ አራት ደቂቃ ጎድሏል። ምን ነበር የምትሠሪው?»
ካርቶኑን ታቅፌ ነበር። አቧራውን በእጅጌዬ እየጠረግሁ።
አላመነችም መሰለኝ፤ ወይም አዝናልኝ ይሆናል፤
ሲስተሙን ጠየቀችው፣ በዚያ ሰዓት የተሠራ ሥራ አለ ወይ ብላ።

የለም አለ።

እኔም አጥብቄ አነበብሁት።