የወንበር ትእዛዝ

(ዲሊ፣ ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ፤ የአናጢው ቃል)

ሰኞ ለታ መጡ፣ ከጉባኤው በር፤
«ማው ሌኪ» አሉኝ፣ «ለአዲሱ አገር
ወንበር ትሠራለህ።» ከነደደው የትምህርት ቤት ጣራ
ያተረፍኩት ሳንቃ አለኝ፣ ጥላሸቱ ገና ያልጠራ።
«ስንት ወንበር?» አልኩኝ፣ እርሳሴን ከጆሮዬ ላይ መዝዤ።
ተያዩ። ተነጋገሩ። ሄዱ፤ እኔም ቀረሁ እርሳሴን ይዤ።

ማክሰኞ ሴኞር ቬናንሲዮ ብቻውን መጣ፣
መሐረቡ በላብ ርሶ፣ ድምፁ የተቆጣ፤
«አንድ ወንበር ይበቃል፤ መደገፊያው ይርዘም፤
ጫካ ውስጥ ስንዋጋ በኮሚቴ አልነበረም።
ሕዝብ የመረጠው ይቀመጥ፤ የቀረው ይቁም ከግራ ከቀኙ።»
ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ እስኪመሽ፣ ዶሮዎቼ እስኪተኙ።

ረቡዕ ዶና ኢዳሊና፣ በሰው ሞተር ብስክሌት ታዝላ፣
የወንድሟን ጉርድ ፎቶ በአንገቷ አንጠልጥላ፤
«ያን ረጅም መደገፊያ አሳጥረው፤ አንዱ ከፍ ያለ እንደሁ
ምን እንደሚመጣ፣ ማው ሌኪ፣ አንተም አይተሃል፣ አውቃለሁ።
ሰማንያ ወንበር ሥራ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ክብ አርገህ፤
ጠቅላዩም ከዚያው ይነሣ፣ ሲያበላሽ ወደዚያው ይመለስ፤ ገባህ?»

ሐሙስ ከተራራው አንድ ሽማግሌ ወረዱ፣ ተሸክመው ጥቅላቸውን፤
ወንበር አልፈለጉም፤ መሬት ላይ ዘረጉ ምንጣፋቸውን።
«እኛ የቃል ጠባቂዎች እዚህ እንሆናለን» አሉ፤
«ሕግ አናወጣም፤ ግን ሳይወጣ በእኛ በኩል ያልፋል ሁሉ።»
ምንጣፉን ለካሁት። ከበሩ ይሰፋል።

«የዳኛውስ ወንበር?» ብዬ ጠየቅኩ ዓርብ ዕለት፤
«እሱ ይደርሳል» አሉኝ፣ ሦስቱም በአንድ አንደበት።
የተስማሙበት ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ፣ ማፑቶ ተምሮ የመጣ አንድ ወጣት፣
«አባቴ» አለኝ፣ «መንግሥት ማለት
ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነው፤ አይነቃነቅም፣ ምንም።»
እውነቱን ነው፤ አይነቃነቅም።
ባለ አራት እግሩ፣ አንዱ ያጠረ ለታ፣ ቋ፣ ቋ ብሎ ይናገራል፤
ባለ ሦስቱ ግን፣ አንዱ ሲረዝም፣ ድምፅ ሳያሰማ ይዘማል፤
የተቀመጠው ሰውዬ ነው ቀስ በቀስ የሚንሸራተት፣
ወለሉ ላይ ደርሶ የሚነቃ። ይኼንን ግን አልነገርኩት።

በማግስቱ እሑድ፣ የቅዳሴ ደወል እየሰማሁ፣
ከትርፍራፊው ሳንቃ አንድ ወንበር ገጠምሁ፤
ማንም ያላዘዘው፣ ማንም ያልከፈለበት።
ውሃ ልኬን አስቀመጥኩበት፤
አረፋዋ ስታወላውል ቆይታ መሀሉን አገኘች።
አሁን ቤቴ ነው ያለው። ልጄ ኤርሜሊንዳ ታጠናበታለች።
ጠሪ ከመጣ በሸራ ጠቅልዬ አስረክባለሁ፤
እስከዚያው ግን፣ በየማታው፣
ውሃ ልኩን አኑሬ አያለሁ።