ከራስ

መምህርት እናኑ ጠመኔ ይዛለች፣
«ባሮክ ማለት» አለች፣ «ጎባጣ ዕንቁ» አለች።
ስድብ ነው ሙገሳ? ማንም አልጠየቀ፤
የክፍሉ አምፖል ብቻ በራ፣ ተጨነቀ።

እኔ ሞተረኛ፣ ባለ አርባ ፈረስ፣
ሰው ከዘጌ ላመጣ፣ ሰው ደሴት ላደርስ፤
እዚህ ክፍል አምና ዝናብ ሸሽቼ ገባሁ፣
ዝናቡ አባራ፤ እኔ ግን አልወጣሁ።

«ኦፔራ ማለት ሥራ፤ ሌላ ፍቺ የለው።»
ሳቅኩኝ ከኋላ ወንበር። ታዲያ እኔስ ምንድነው
ከንጋት እስከ ማታ ውሃ የማርሰው?

«ሬቺታቲቮ ደግሞ፣ ወሬም ዜማም ሳይሆን
ቃል በራሱ እርምጃ የሚሄድ እንደሆን…»
አወቅኩት። ወደቡ ላይ ዓሣ ሻጯ ስንቅነሽ
«ቀረሶ ነው፣ ቀረሶ! ዛሬ ነው የወጣው፣ እይው በዓይንሽ!»

«ባሶ ኮንቲኑዎ፦ ከሥር የማይቋረጥ፤
ዘፋኙ ሲከበር፣ ሲጨበጨብ፣ ሲያጌጥ፣
ከታች ሆኖ የሚያዝል፣ ስሙም የማይገለጥ።»
ሞተሬ ነው፣ አልኩኝ። ቱሪስቱ ሲያወራ፣
ባሕታዊው ዳዊቱን በሹክሹክታ ሲያበራ፣
ከሁሉ ሥር ሆኖ ድድድ እያለ ይሠራ።

ኋላ ግን ሳስበው ሞተሬ አይደለም።
ሃያ ሁለት ዓመት ከሥር ከሥር ይዛኝ፣
ያቆመች ዕለት ነው ድምጿ የተሰማኝ።

«አሪያ ማለት አየር።»
እስክሪብቶዬ ወደቀ።
ስሟን ማን ነገረሽ፣ ልላት ነበር፤ ተውኩት።
ጥሩአየር ቁንዝላ ናት፣ እህቷ ዘንድ፣ ከመስከረም ወዲህ፤
ስለ አንድ የጀልባ ዕዳ፣ ስለ አንድ ክፉ ቃል፣
ከቃሉ ስለ ከፋ ስለ ብዙ ዝምታ።

መምህርት ሰሌዳውን በክንዷ ጠረገች፣
ሰዓት አልቆ ነበር፣ አንድ ቃል ጨመረች፦
«ዳ ካፖ፦ ከራስ ነው። ከራስ ይጀመራል፤
የፊተኛው ክፍል ዳግም ይዘመራል።
ግን ያንኑ በያንኑ የደገመ ሰው
መሐሉን አልሰማም፤ ጌጥ ነው የጎደለው።»

ከራስ። ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት፣
አንዱን ለፈተናው፤
አንዱን ግን አጠፍኩት፣ ደረት ኪሴ ከተትኩት።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ቁንዝላ እጭናለሁ።
የምላት አዲስ የለም፣ ያው የድሮው «ጥሩዬ»፤
ጌጡ ነው ያልመጣልኝ።
ሦስት ሰዓት ውሃ ነው፤
እየሄድኩ እለማመዳለሁ።