ጥላ ሻጩ

ነይ ቤኔዲታ፣ ቁጭ በይ፤ መብራቱን አጥፊልኝ፣
ፊልሙ ሊጀምር ነው፣ ድምፁን ከፍ አርጊልኝ።
መስኮቱንም ዝጊው፤ ሰርዲን ይጠበሳል፣
የአንቶንዮ በዓል ጭስ ሦስት ፎቅ ይደርሳል።
ጥቁርና ነጭ ነው፣ ጭረት የበዛበት፣
እንደ እኔ ፊት ቆዳ ዘመን የሄደበት።

ታሪኩ ቀላል ነው፣ ከሻይ ይቀጥናል፣
አንድ ጥላ ሻጭ አለ፣ ዝናብ ይለምናል።
ማዶ ሰገነት ላይ ልብስ አጣቢ አለች፣
እሷ ደግሞ ስለ ፀሐይ ሻማ ትሳላለች።
በአንድ ሥዕል ፊት ነው ሁለቱም የሚሳሉ፣
እሱ ዝናብ ዝናብ፣ እሷ ፀሐይ እያሉ።
ምስኪኑ አንቶንዮ ግራ ገባው መቼስ፣
ማንን ሰምቶ ማንን ባዶ እጁን ይመልስ!

እዪው፣ እዪው! አሁን ባልዲዋን ደፋችው፣
ከአናት እስከ እግሩ ውኃ አለበሰችው።
"ዝናብ መጣ!" አለና ጥላውን ዘረጋ፣
ፂሙ አረፋ ለብሶ መጥራት ጀመረ ዋጋ።
ስድሳ ጊዜ ባየው ስድሳ ጊዜ እስቃለሁ፣
ቀልዱ ሳይደርስ ገና ሳቁን አስቀድማለሁ።

ሁሉም ግን አያስቅም።
ያንን አንካሳ ተላላኪ ከደረጃ ሲያንከባልሉት
ያኔ ሆዴን ይዤ ስቄያለሁ፤
ዛሬ እዚያ ቦታ ሲደርስ
የሹራቤን ጥልፍ እቆጥራለሁ።

ደግሞም ውሸታም ነው። በፊልሙ ቤት ሁሉ
ዳቦ ሞልቶ ይታያል፣ ሰዎች ይበላሉ።
እኛ ግን በዚያ ዓመት፣ ጦርነቱ ሳይበርድ፣
ዳቦው በወረፋ፣ ስኳሩም በካርድ።
ከወረፋው ማታ ባዶ እጃችን ስንወጣ፣
ሲኒማ እንገባለን፣ ሳቅ ለራት ሊመጣ።
ውሸቱን ማን ጠላው? እኔስ ወድጄዋለሁ፣
እውነቱንማ ቤቴ ስገባ አገኘዋለሁ።

አሁን ዝም በዪ። ያቺ ጎዳና መጣች።

ያን ጊዜ በነሐሴ ጠብታም አልነበረ፣
ሰማዩ እንደ ሸክላ ነድዶ የከረረ።
ዳይሬክተሩ ጮኸ፣ "ዝናብ ከየት ይምጣ?"
እሳት አጥፊ መኪና ከግራሳ ጣቢያ ወጣ።
ፊርሚኖ ጣሪያ ላይ ቱቦውን ታቅፎ፣
የራስ ቁሩ ሰፍቶት ጆሮው ላይ አርፎ፣
ሰማይ ያቃተውን በእጁ አዘነበ፣
ገመድ ጋ ቆሜ ሳይ አንገቴ ረጠበ።
ቀና ብዬ ሰደብኩት፣ "አንተ ደንቆሮ!" አልኩት፣
ፎጣ ይዞ መጣ በማግስቱ፤ አገባሁት።

እዪ፣ ተገናኙ! እሷ ልብሷን ስትሰበስብ፣
እሱ የቀረችው አንድ ጥላ፣ እሷም ቀዳዳ።
መሳም ክልክል ነበር፤ ሳንሱሩ ይቆርጣል፣
ጥላው ወደኛ ዘሞ ሁለቱን ይውጣል።
አንቺ ትስቂያለሽ፤ ዛሬ ሁሉ ግልጥ ነው፣
እኔ ግን ደስ የሚለኝ ያ የተጋረደው።
ከጀርባው የሆነውን ማንም ሰው አላየም፣
ፊርሚኖ ከላይ አይቷል፤ እስኪሞት አልነገረኝም።

"ምን አደረጉ?" ስለው ሹካውን አስቀምጦ
"ሥራ ላይ ነበርኩ" ይለኛል።
አርባ ዓመት ሙሉ፣ በየራቱ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ!

ሻጩም ዛሬ ጥላ፣ አጣቢዋም ጥላ፣
ሄደች ሰገነቷን ከነልብሱ ጥላ።
እኔ ግን ሌላ ነው በዚህ የምጠብቀው፤
ያ ጠብታ፣ ኮሌታው ላይ አርፎ የሚፈነጥቀው፣
አየሽው? አለፈ።
ፊቱን አትፈልጊ፣ ከካሜራው በላይ ነው፤
ስሙንም አትፈልጊ፣ ማንም አልጻፈው።
ዝናቡ ነው ባሌ።

በይ አሁን መብራቱን አብሪው፣ መስኮቱንም ክፈቺ።
ወረድ በይና ሁለት ሰርዲን ግዢልን፤
ዳቦው ላይ ጣል አድርገው ይስጡሽ፣
ዘይቱ እንዳይባክን።