የቦምቦራ ሣጥን

በትብሊሲ ዳር፣ በግልዳኒ ሰፈር፣ ፂያላ ስትሞት፣
ጎረቤት ሁሉ ሲሻማ ወንበሯን፣ ሲሻማ መስተዋት፣
ለእኔ የደረሰኝ ውሻዋ ነበረ፤
ደረጃዬ ላይ ዓሥር ዓመት ሙሉ ሲሸና የኖረ።

ልጇ ኤካ ደወለች ከሮተርዳም ማዶ፦
«አጎቴ ኑግዛር፣ እባክህ ላክልኝ፤ ቤቴ ሆኗል ባዶ፤
ከእናቴ የቀረኝ እሱ ብቻ ነውና፣ አደራ ቦምቦራ።»
እሺ አልኩ ሳልወድ፤ ሰው ከሬሳ ሣጥን አጠገብ ቆሞ እምቢ አይልም ለአደራ።

እኔ የአውቶቡስ መካኒክ ነኝ፣ ጡረታ የወጣሁ፤
ስለ ፍሬን ሸራ እንጂ ስለ ውሻ ሆድ ምኑን አውቃለሁ?

ሐኪሟ ማናና ጣቷን እየቆጠረች፣
«ከቆዳው ሥር ቺፑን፣ ከዚያ ክትባቱን፣ ከዚያ ደሙን» አለች።
ደሙ ባሕር ማዶ ደርሶ እስኪመረመር ሦስት ወር አለፈ፤
የእኔም ደም በመሃል፣ ሐኪም ሳያየው፣ ካቋሙ ዘነፈ።

«የማስተኛ ክኒን ብሰጠውስ?» ስላት ድምጿ ከፍ ብሎ መጣ፦
«የደነዘዘ ውሻ ሰማይ ላይ ትንፋሹ ቢያጥር፣ ነፍሱ ብትወጣ፣
ማን ያይለታል?
ይልቅ አስለምደው። ሣጥኑ ወህኒ ሳይሆን ቤቱ ይሁን፤
በሩን አትዝጋበት፤ ክፈትና ተወው፣ ይምረጥ ራሱ ቀኑን።»

ሣጥኑን ገዛሁ። ለካሁት በሜትር፣ እንደ ሞተር ክዳን፦
ሲቆም ያ ጆሮው፣ ማዘጋጃ ቤት ቢጫ ምልክት የሰካበት ጆሮው፣
ጣራ እንዳይነካ፤
ሲዞር ጎኑ እንዳይጨነቅ።
የፕላስቲክ መቆለፊያውን አላመንኩትም፤
ነቅዬ ጣልኩና በብሎን አጠበቅሁት።

በመጀመሪያው ቀን አፍንጫውን አስገብቶ አሸተተና አየኝ፤
እንደ ሌባ አየኝ።
በአራተኛው ቀን የዶሮ ቆዳ ከጥጉ ጣልኩለት፣ እግሩ ገባ፤
ጅራቱ ውጭ ቀረ፤ ግማሹ አምኖኝ፣ ግማሹ እየባባ።
በዘጠነኛው የፂያላን ሻርፕ አነጠፍኩለት፣ የብል መድኃኒት እንደሸተተ፤
ሻርፑን አወቀው። አንድ ጊዜ ብቻ በረጅሙ ተነፈሰና ተኛ፣
እኔ ከኩሽና ወንበር ላይ አነጋሁ፣ እሱ ሲያንኮራፋ።

ሊፍታችን ሳንቲም ካልጎረሰ አይነቃነቅም፤
ኪሴን ሳንቲም ሞልቼ፣ ሣጥኑን ከነውሻው፣ ወጣሁ ወረድኩ፦
«አይዞህ ቦምቦራ፣ አውሮፕላንም ቢሆን ከዚህ የባሰ አይንቀጠቀጥም!»
ጎረቤት «ኑግዛር አበደ» አለ።
ማበዴ ከሆነ፣ ዋጋው ሃያ ቴትሪ ነው።

ሐሙስ ደረሰ።
ከንጋት ጀምሮ እህል አላቀመስኩትም፣ ሆዱ ቀሎት ይብረር ብዬ፤
ውኃውን ሌሊቱን በሣህኑ እንዳለ በረዶ አድርጌ፣
ሲጭኑት እንዳይፈስ፣ ሲጠማው እየቀለጠ እንዲደርስለት።
ከክዳኑ ላይ በትልልቁ ጻፍኩ፦
«ስሜ ቦምቦራ ነው። አልናከስም። ነጎድጓድ እፈራለሁ።
እባካችሁ በስሜ ጥሩኝ።»

አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ልጅቷ ቁጥሩን አየችና ራሷን ነቀነቀች፤
«ሠላሳ ሦስት ዲግሪ። አስፋልቱ ይነድዳል። ውሻ አንጭንም ዛሬ፤ በሳምንቱ ይምጡ» አለች።
ጮህኩ። ጠረጴዛ መታሁ። ሦስት ወር ሙሉ! አልኩ።
በረዶዬ እየቀለጠ ነው! አልኩ።
እውነቱን ልናገር ግን፦
ፀሐይን በሆዴ አመሰገንኳት፤
ስልሳ ስምንት ዓመት ስታቃጥለኝ ኖራ፣ ያን ዕለት ወደድኳት።

ማታ፣ ቤት፣ ብሎኑን ፈትቼ «ውጣ እንግዲህ» አልኩት።
አልወጣም። ሻርፑን ኮትኩቶ፣ ሁለቴ ዞሮ ተጋደመ፤
እግሩ በእንቅልፉ ሲሮጥ አየሁ፤ የት ይሆን ያለመ?

ለኤካ ደወልኩ፦ «ሙቀቱ ነው እንጂ፣ አደራሽ ደኅና ነው» አልኳት።
ከዚያ የውኃ ሣህኑን አጥቤ ሞላሁት፤
ሳምንት ሲቀር፣ ምን እንዳስቸኮለኝ እንጃ፣ ማቀዝቀዣ ከተትኩት፤
በሩን ግን፣
እንዳይረጋ፣
ገርበብ አድርጌ ተውኩት።