የጉልበት ልክ

በጥቅምት ማብቂያ፣ በአይስላንድ ሰሜን፣
ከፊዮርዱ ማዶ መጣች ስቴይኑን፤
ፒክአፗ ጭቃ ለብሷል እስከ መስኮቱ ድረስ፣
«ከፍ አድርግልኝ» አለች፣ ሰላምታ ሳታደርስ።

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ያህል
ሰማዬ የመኪና ሆድ ነው፤ ዘይት ያንጠባጥባል።
ከፍታ ያማረው ስንቱን አስተናገድኩ!
አንዱን ለጎረቤት ዓይን አራት ኢንች አነሳሁ፣
አንዱን ለሠርጉ ቀን ስድስት ጨመርኩለት፤
ወንዝ ሳያይ፣ አስፋልት እየላሰ ጎማው አለቀለት።

«ጎማውን ምረጪ» አልኳት፤ «ሠላሳ አምስት አለ፣
ለጠጠርና ለጭቃ ማንንም ያላታለለ።
ሠላሳ ስምንትም አለ፤ በረዶው ሲከመር
ንፋሱን ትቀንሺዋለሽ፤ ተንፍሶ ሲዘረር
እንደ ድመት መዳፍ ከላይ ከላይ ይሄዳል።
በረዶ ላይ የተነፋ ይቀበራል፣
የተነፈሰ ያልፋል።

ግን ስሚኝ፤ ትልቅ ጎማ ቦታ ይፈልጋል።
ሞላ ብናስረዝም፣ ባሌስትራ ብንደርብ፣ ወገቡ ይነሳል፤
ከፍ ያለውን ደግሞ የፊዮርዱ ንፋስ ያውቀዋል፣
በጎን መጥቶ ይገፋዋል።
እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ያህል ጉልበት ነው የምትፈልጊው?»

«ጉልበቱን ላሳይህ» ብላ የወዲያኛውን በር ከፈተችው።

ኦድጌይር ተቀምጧል፣ አባቷ፤ ሰማንያ ሦስት ዓመቱ፤
ብርድ ልብስ ጭኑ ላይ፣ ኮፍያው እስከ ቅንድቡ።
በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት፣
ከተማው ከተራራው ወዲያ፣ ክረምት የሚዘጋበት።
መኪናው ዝቅ ካለ በረዶው አያሳልፈው፤
ከፍ ካለ ደግሞ ሽማግሌው አይደርስበት።
ተሸክመው ቢያስገቡት አይወድም፤
«ከረጢት አይደለሁም» ይላል። ኋላ ዓይኑን ጠቀሰኝ፦
«ካቃተህ ያንን ክሪክ አምጣና እኔን አንሳኝ።»

ሜትር አወጣች ከኪሷ። እሱ በሩን ተደግፎ
ቀኝ እግሩን አነሳ፣ ትንፋሹን አፍኖ።
እኔ ጠመኔ ይዤ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክኬ፣
የጫማው ሶል ከዓይኔ ፊት ተንቀጥቅጦ ቆመ።
ሠላሳ አንድ ሴንቲ።
«ድገመው፣ አባ።» ደገመው።
ሠላሳ አንድ።

ሠላሳ አንድ ለእርከኑ፣ ሠላሳ አንድ ከእርከኑ ወደ ወንበሩ፤
ከስልሳ ሁለት ካለፈ መኪናው የሌላ ሰው ነው።
ግድግዳዬ ላይ አሰመርኩት። ማታ ደመርኩ፣ ቀነስኩ፤
ሞላው ሁለት ኢንች ብቻ፣ ጎማው ሠላሳ ስምንት፤
ታዲያ በየት ይግባ?
ሚስቴ ሁለቴ ደወለች፤ እራት ቀዘቀዘ።
ጠዋት መጋዙን አንስቼ ፓራፋንጎውን ቆረጥኩ።

ብረት ሲቆረጥ ይጮሃል፤ ብልጭታው ጢሜን ለበለበው።
ላለማንሳት ብዬ ቆረጥኩ፤ ከገላው ቦታ ሰጠሁ፤
ጠርዙን አጥፌ ቀጠቀጥኩ፣ በጥቁር ላስቲክ ሸፈንኩ።
ሲያልቅ ኦድጌይር ወጣ፤ አንድ፣ ቆየት ብሎ ሁለት፣
በሩን ራሱ ዘጋው፣ በኃይል፣ እንደ ተቆጣ ሰው።

ክረምቱን በሙሉ አየኋቸው፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ፣
ገና ሳይነጋ፣ መብራታቸው ውርጩን እየቀደደ፤
ከወዲያኛው መስኮት ጓንት የለበሰ እጅ
ሁለት ጣት ያነሳልኛል።

በግንቦት ብቻዋን መጣች፣ የበጋ ጎማ ልታስገባ።
ቸርኬውን ፈታሁ፣ ብሎኑን በቆርቆሮ ሰበሰብኩ።
ስለ በጎቹ ጠየቅኳት፤ ስለ በጎቹ መለሰች።
«እርከኑንስ?» አልኳት፣ «ጠጠር ላይ ይንኳኳል፤
ልፍታው?»
ጎንበስ ብላ አየችው፣
ሶል የበላውን ቀለም፣ የቀኝ እግር ያህል ቦታ።

«ተወው» አለች።