የአያት ስም

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብርድ ልብስ ሠራሁ፣
ደብረ ብርሃን ፋብሪካ፣ አራተኛው ማሽን ፊት ቆሜ ሸበትሁ፤
የማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ሳላውቅ፣
የማን እግር ውጭ ቀርቶ፣ የማን እንደሚሞቅ።

ቤቴ ግን ሁለት ሰው፣ አንድ አልጋ፣ አንድ መብራት፣
እልፍነሽና እኔ፣ በአንድ ትሪ እራት።
ጎረቤት «እግዜር ይስጣችሁ» ማለቱን የተወ ለት፣
ያኔ ነው የገባን የቤቱ ስፋት።

ከቢሮ ባለሙያ መጣች፣ መዝገብ ታቅፋ፣
መስኮቱን ገፍታ አየች፣ ጠየቀች ወንበር ላይ አርፋ፦
«ለምን ልጅ ፈለጋችሁ?»
እልፍነሽ ቆየች፤ የነጠላዋን ጫፍ ቋጥራ ፈትታ፣
«እሷንስ የጠየቃት አለ?» አለች፣ ድምጿን ገትታ።
ባለሙያዋ አልጻፈችውም። ቅጹ ላይ ለዚህ ቦታ የለም።

በኅዳር መጨረሻ መጣች ከሸዋ ሮቢት፣ በነጠላ ጫማ፣
ሐሩር ያሳደጋት ልጅ፣ ወደኛ ብርዳም ከተማ።
ደብረ ሲና ላይ የገዛንላትን ቆሎ አልቆረጠመችም፤
ጣርማበር ዋሻው ሲውጠን «አለቀ?» አለች፣ ሌላ አልተነፈሰችም።

ትርንጎ ትባላለች። ሰባት ዓመቷ ነው፣ ጥርሷ ጎደሎ።
ማታ ትራሷ ሥር አገኘሁት ያንን ቆሎ፣
ከሁለት ቁራሽ ዳቦ ጋር በፌስታል ተቋጥሮ።
ስንቅ ነው።
እኛ ደርሳለች ስንል፣ እሷ ገና መንገድ ላይ ናት።
ትራሱን መለስኩት፣ ትንፋሼን አፍኜ፤
በማግስቱ አንድ ቁራሽ ጨመርኩበት፣ በገዛ ቤቴ ሌባ ሆኜ።

ጠዋት ደጅ ወጥታ «ጨው ፈሰሰ!» ብላ ጮኸች፣
ውርጩን ከሣሩ ላይ በጣቷ ዝቃ ቀመሰች፤
አልጣማት። ግን ሳቀች።

አጎቴ ከሰላ ድንጋይ ማር ላከ በቅል፣
«እንደ ደንቡ አድርግ» ሲል፣
«አውራ ጣትህን ነክረህ አጥባት፣ የጡት ልጅህ ትሁን።»
ነክሬ ዘረጋሁ። ማሽን የበላውን ጥፍሬን
አገላብጣ አየችና «ያምሃል?» አለች፤
ማሩን ትታ፣ ቁስሉ ላይ እፍ፣ እፍ አለች።
ደንቡ በዚያው ቀረ። ማሩን በዳቦ በላነው።

አባዬ አትለኝም። ፊት ለፊት «ጋሼ»፣ ከበሩ ወዲያ «እሱ»።
አልጠበቅሁም አልልም፤
ፈረቃ ጨርሼ ስመለስ፣ ጆሮዬ ቀድሞኝ ይገባ ነበር ወደ ውስጡ።

ፍርድ ቤት ዳኛዋ «በስምህ ትጠራ?» አሉኝ።
ስለ ውብሸት አሰብኩ፣ ስለ አባቷ፤ ላንድ አፍታ መልስ ጠፋኝ።
ፎቶ አልተወ፣ መሬት አልተወ፣ ከሷ ኋላ
የቀረው ስሙ ነው፣ ምንም የለው ሌላ።
እሱን ደግሞ እኔ ልግፈፈው?
«ባባቷ ትጠራ» አልኩ። እልፍነሽ እጄን ጨበጠች።

መስከረም ላይ ለትምህርት ቤት ቅጽ ሞላን፦
የተማሪ ስም። የአባት ስም። የአያት ስም።
አያቷን አታውቅም፣ እኔም አላውቀውም፤
«ባዶ ይለፍ» ልል ስል እስክሪብቶውን ነጠቀችኝ፣
ምላሷን በጎደለው ጥርሷ አሹልካ፣ በክንዷ ከለለችኝ፣
ፊደል በፊደል ጻፈች፦
ትርንጎ
ውብሸት
ንጋቱ።

ንጋቱ እኔ ነኝ።

መዝጋቢው ቀና ብሎ «አያቷ ነህ?» አለ፣
አፌ እሺም እምቢም ሳይል ማኅተሙን አሳረፈ።
አባት ልሆን ሄጄ የአባቷ አባት ሆንኩ፤
ውብሸት፣ ያላየሁህን፣ ያልቀበርኩህን ልጅ በአንድ መስመር ወለድኩ።

ያን ማታ የሌሊት ፈረቃ ነበረኝ።
የመጀመሪያው ብርድ ልብስ ከማሽኑ ሲወርድ፣ አቅፌ ያዝኩት፣ ሞቀኝ፤
ሰው እንዳያየኝ ዞር ብዬ በክንዴ ለካሁት።
ለረጅም ሰው ይበቃል፣ ልጄ።
እግርህ ውጭ አይቀርም።