ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት

ማክሰኞ ማታ ነው፣ የካቲት አጋማሽ፣ ፒትስበርግ ላይ፤
በረዶው ከድልድዩ ሥር አመድ መስሎ ሲታይ፣
ዘጠነኛው ጠረጴዛ ጠርሙሱን መለሰ።
«አየሽው?» አለኝ ሰውዬው፣ ድምፁን እያለሰለሰ፣
«ደፍርሷል። የሚንሳፈፍም ነገር አለው።»
አዘነልኝ ደግሞ፤ እኔ የጠመቅሁት መሰለው።

አልተከራከርኩም። «ጉሽ ነው፣ ሆን ተብሎ ያልተጠለለ» ብዬ
ላስረዳ አልኩና ተውኩት፤ ይቅርታ በፈገግታ ጠቅልዬ
ሰጠሁትና ጠርሙሱን ታቅፌ ወረድኩ፣ ወደ ምድር ቤት።
ቁጥሩ በእጅ የተጻፈ ነው፣ በሰማያዊ ቀለም፣ በስስ ወረቀት፦
አራት መቶ አሥራ ሁለት፣ ከዘጠኝ መቶ ጠርሙስ አንዱ።
መጨረሻው አንድ ነበረ፤ ወደ ሁለት ተጠምዞ ይታያል ጉዱ።

የጻፈችው ኦዴት ናት። ኦዴት ፔሩዞን፣ ስድሳ ሰባት ዓመቷ።
አይቻት አላውቅም። ካርቶኑን በፒካፕ የሚያመጣው ሩዲ ነው
ያወራኝ ስለ ዳገቷ፣ ስለ ጉልበቷ፦
ኦቬርኝ የሚሉት አገር፣ የሞተ እሳተ ገሞራ ወገብ ላይ፣
ትራክተር የማይደፍረው ገደል፣ እግር የሚከዳ ጥቁር ድንጋይ፤
ሰባት መደብ ወይን ብቻ፤ አንዲት በቅሎ፣ ስሟ ኮኬት።
ካቻምና በሰኔ በረዶ ወረደ፣ በአንድ ሌሊት፤
የኛው ዓይነት አይደለም፣ እንቁላል የሚያህለው፤
ግማሹን ፍሬ ከነቅጠሉ አራገፈው።
የተረፈውን በእግሯ ረገጠች። ስኳር አላስነካችውም።
ራሱ ፈላ፣ ራሱ ዝም አለ፤
እሷ ማታ ማታ ገንዳው ላይ ጆሮዋን ጥላ
ስታዳምጠው ከረመች።

ይህን ሁሉ ሩዲ ነው ያለው። ሩዲ ሻጭ ነው፤ ሻጭ ያሳምራል።
ኮኬት የምትባል በቅሎ ላትኖርም ትችላለች።
ግን ስከፍተው የቆረጥኩት ሰም ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበረ፤
ጥቁር ሰም፣ በማንኪያ የፈሰሰ፣ ባንድ ወገን የወፈረ፤
ሳይደርቅ የነካው አለ፦ አውራ ጣት፣
ክብ በክብ፣ መስመር በመስመር፣ መሐሉን ጠባሳ የሰነጠቀው፤
መቀስ ይሁን ማጭድ፣ እሷ ነች የምታውቀው።
«ሰሙን ገፈሽ ወርቁን አውጪ» ተብዬ ነበር የተማርኩት፤
ያን ማታ ወርቁን እሰሙ ላይ አገኘሁት።

ሌሊት ስድስት ሰዓት፣ በሩ ከተቆለፈ በኋላ፣
ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆምን፤ እኔ፣ ቴክናት፣ ሰላጣ የምትሠራዋ ማርቤል።
በሾርባ ኩባያ ቀዳሁ። በረት በረት ሸተተ።
ማርቤል አፍንጫዋን ያዘች።
ቴክናት «ቆዩ» አለ። ቆየን።
ድስቶቹን ጨረሰ። ወለሉን አጠበ።
ሲመለስ፣ ተኳርፎ የመጣ እንግዳ
ካፖርቱን አውልቆ ወንበር እንደሳበ ዓይነት፣
ወይኑ ሌላ ሆኖ ጠበቀው።
እንጆሪ ልበል? ዝናብ የመታው ድንጋይ? ምላስ ጠርዝ ላይ ደግሞ
ጨው የመሰለ… ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ አመለጠኝ፤
ቴክናት ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ሰው አለበት» ብቻ አለኝ።

አለቃው ዘጠና አራት ዶላሩን ከጉርሻዬ ቆረጠ።
ይሁን አላልኩም። ተናደድኩ። የሳምንት አስቤዛ ነው።
አተላውን ቴክናት ይዞ ወጣና፣ የጓሮው በር ሥር፣
የበርበሬ ግንድ ደርቆ የቆመበት ባልዲ ላይ ደፋው።
የካቲት ነው። ምንም አልበቀለም።

ሰሙን ቤት ወሰድኩት፤
መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከማሞቂያው በላይ አኖርኩት።
ሐሙስ ጠዋት ለስልሶ፣ ተንጣሎ፣ መስመሩ ሁሉ ተኝቶ ጠበቀኝ።
የምሳደበው ማሞቂያ እንጂ ሰው አጣሁ።
ከዚያ፣ ሳላስበው፣ አውራ ጣቴን ጫንኩበት፤
ትንሽ አቃጠለኝ፣ ያዘኝ፣ ለቀቀኝ።

አሁንም እዚያው ነው።
ጠባሳ የለውም።